የተወሰነ ሜኑና የተሰጠ ቃል፦ የሆቴል በያይነቱ በጋዜጠኛ ዓይን

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ሆቴል ዜና የሚሆነው አንድም ሲመረቅ፣ አንድም ሲቃጠል ነው። ሲመረቅ የአልጋው ቁጥርና የወጣበት ብር ይነገረናል። በማግስቱ እዚያው ሆቴል ገብቶ ምሳ የሚበላው ሰው ምን ቀረበለት? የተባለውን አገኘ ወይ? ሒሳቡስ ትክክል ነበር ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርተር ግን ብዙም አይታይም። ይሄ ጽሑፍ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ይህንን ሥራ እንዴት መሥራት እንደምንችል ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱም በአንድ ነገር ላይ ብቻ ይሆናል። እሱም ሆቴል ገብተን አንድ በአንድ ሳንመርጥ የምንበላው ምግብ፣ ማለትም የተወሰነ ሜኑ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የዚህ ዓይነት ምግብ ዋና ምሳሌ በያይነቱ ስለሆነ እሱን ይዘን እንሄዳለን።

ጽሑፉ ሊል የፈለገው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የተወሰነ ሜኑ ቤቱ በተመጋቢው ምርጫ ፈንታ የሚሰጠው ቃል ነው። ተመጋቢው "እናንተ ምረጡልኝ" ብሎ ያምናል፤ ቤቱ ደግሞ "እሺ፣ እመኑኝ" ይላል። ስለዚህ ጋዜጠኛው የሚመዝነው የምግቡን ጣዕም ብቻ አይደለም። የተሰጠውን ቃልና የቀረበውን ትሪ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አለበት።

የተወሰነ ሜኑ ምንድን ነው?

በሆቴል ሙያ ትምህርት የምግብ አቀራረብ በዋናነት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው አላካርት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ዋጋ አለው፤ ተመጋቢው የሚፈልገውን ነጥሎ ያዛል። ሁለተኛው ታብል ዶት ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን "የጋባዡ ገበታ" እንደ ማለት ነው። በጥንት የአውሮፓ የእንግዳ ማረፊያዎች መንገደኛው በተወሰነ ሰዓት ከባለቤቱ ገበታ ላይ ቀርቦ የተሠራውን በልቶ የተቆረጠውን ዋጋ ይከፍል ነበር። ዛሬ የተወሰነ ሜኑ የምንለው የዚያ ዘር ነው፤ ዋጋው አንድ፣ የምግቡ ዝርዝር ደግሞ በቤቱ የተወሰነ።

እዚህ ላይ ቡፌን ከዚህ መለየት ያስፈልጋል። ቡፌ ላይ ዋጋው አንድ ቢሆንም ምን እንደሚያነሳና ምን ያህል እንደሚያነሳ የሚወስነው ተመጋቢው ነው። በተወሰነ ሜኑ ግን ዓይነቱንም መጠኑንም የሚወስነው ወጥ ቤቱ ነው። የኛ ጥያቄ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ቤቱ ይህንን አሠራር የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምግቡ ቀድሞ ስለሚሠራ ደንበኛው አይጠብቅም። አንድ ድስት ምስር ለብዙ ትሪ ይበቃል። የሚጣለው ምግብ ይቀንሳል። ገበያ ላይ አንዱ እህል ሲወደድ ሌላውን ጨምሮ ማካካስም ይቻላል። ተመጋቢውም ቢሆን የሚያተርፈው አለ። ብቻውን የመጣ ሰው ሰባትና ስምንት ዓይነት ወጥ ለየብቻ አዝዞ ሊበላ አይችልም፤ በአንድ ዋጋ ግን ሁሉንም ይቀምሳል። የሚከፍለውንም ቀድሞ ያውቀዋል። የሚለቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምርጫውን።

የኛው የተወሰነ ሜኑ

ሳይመርጡ መብላት ለኛ አዲስ አይደለም። በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ሰው እንደየማዕረጉ ይቀመጣል፤ የሚቀርበውን የሚወስነው ግብር አብዪው ነው። እንግዳው "ለኔ ይሄ ይቅርብኝ፣ ያኛው ይምጣልኝ" አይልም። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁት ግብር በታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ይህንን ግብር አንስተው፣ ከየአካባቢው የመጣው የምግብ አሠራር በአንድ ገበታ ላይ ተገናኝቶ አገራዊ መልክ እንዲይዝ የነበረውን ድርሻ ያብራራሉ። በስማቸው የሚጠራው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ለአገሪቱ ዘመናዊ የሆቴል ሥራ መነሻ ሆኗል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ክፉኛ መጎዳቱም ይታወሳል። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ በግብር ላይ እንግዳው የሚከፍለው በታማኝነትና በአገልግሎት ነበር፤ በሆቴል ግን በብር ነው። ሲከፈልበት ደግሞ የመጠየቅ መብት አብሮ ይመጣል።

በያይነቱ ስሙ ራሱ "በየዓይነቱ" ማለት ነው። እንጀራ በሰፊ ትሪ ይዘረጋል፤ ላዩ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ስንግ፣ አንዳንዴም ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ ወይም አዚፋ ይደረደራል። ዘይቱ ቀድሞ በአብዛኛው ደጋማው ጎጃም ከሚያመርተው ኑግ የሚጨመቅ ነበር። የፍስክ በያይነቱም አለ፤ ዋናው ግን የጾሙ ነው።

ለምን ዋና ሆነ? የመጀመሪያው ምክንያት የጾሙ ብዛት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ጎጃም ጾም የሚጠብቅ አገር ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚሠራ ሆቴል የጾም ምግብ ካላማረለት የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሰረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ የመጣ መንገደኛ ቆሞ ሜኑ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ሾፌሩ "ግማሽ ሰዓት!" ብሎታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የትጥቅ ግጭት ከተባባሰ ወዲህ ጉዞው እንደ ቀድሞው ባይሆንም፣ መንገድ ሲከፈት የሚመጣው እንግዳ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦

"እህቴ፣ የጾም ምን አላችሁ?"

"በያይነቱ አለ፣ ተጋቢኖ አለ፣ ፓስታ በአትክልት አለ።"

"በቃ በያይነቱ ይሁን፤ ቶሎ በይ።"

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ነው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። የጾም በያይነቱ ላይ ግን ሥጋ ስለሌለ የእርድ ጥያቄ አይነሳም። ስለዚህ አንድ መኪና ላይ አብረው የመጡ ሰዎች ሃይማኖታቸው ቢለያይም አንድ ትሪ ሊከቡ ይችላሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትሪው ይህንን ሁሉ ሰው ሊያገናኝ የቻለው ግን ሁሉም "የጾም ነው" የሚለውን ቃል ስላመነ ነው።

ከቬትናም ገበታ ጋር ስናነጻጽረው

የራስን ገበታ በደንብ ለማየት የሌላውን ማየት ይጠቅማል። ቬትናምን የመረጥነው ሁለት ነገር ስለሚያመሳስለን ነው፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ የመብላት ባህልና ሃይማኖታዊ ጾም።

በቬትናም ቤት የዕለት ገበታ ማም ኮም ይባላል፤ "የሩዝ ትሪ" እንደ ማለት ነው። መሃል ላይ አንድ ጨው ጠንከር ያለ የሥጋ ወይም የዓሣ ምግብ፣ አንድ አትክልት፣ አንድ ሾርባና ማጥቀሻ ይቀመጣል። ሩዙን እያንዳንዱ በየራሱ ጎድጓዳ ሳህን ይይዛል፤ ሌላውን ሁሉም ከመሃል ያነሳል። አገሪቱ እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የሆቴል ሥራዋ የፈረንሳይ ማኅተም አለበት። ሃኖይ የሚገኘው ሜትሮፖል ሆቴል የተከፈተው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኛው ጣይቱ ሆቴል ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ። በሆቴል ምግብ ቤቶች የሚቀርበው የተወሰነ ሜኑ ብዙውን ጊዜ ያንን የቤት ትሪ ፈትቶ በተራ በተራ ያመጣዋል። በሩዝ ወረቀት የተጠቀለለ መክፈቻ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ አትክልትና ሩዝ፣ መጨረሻ ላይ ፍራፍሬ። ዝርዝሩ ከነዋጋው ታትሞ ለእንግዳው ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ለኛ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። የቬትናም ምግብ አንዱ መሠረት ኑክ ማም የሚባለው የዓሣ ስጎ ነው። ትናንሽ ዓሦች በጨው ተደርገው ለብዙ ወራት ከተብላሉ በኋላ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። እሱ ማጥቀሻ ውስጥ ይገባል፤ አትክልት ሲጠበስም ጠብ ይደረጋል። ሜኑው ላይ "የተጠበሰ ጎመን" የሚል ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ጾመኛ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሆቴል ቢቀመጥ አረንጓዴ ጎመን አይቶ "ይሄስ የጾም ነው" ሊል ይችላል፤ ዓሣው ግን ውስጡ አለ። ቬትናማውያን ራሳቸው ይህንን ያውቁታል። ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋና ከዓሣ ይታቀባሉ። ለነሱ የሚሠራው ምግብ ኮም ቻይ ይባላል፤ በዓሣው ስጎ ፈንታ የአኩሪ አተር ስጎ ይገባበታል። ማለትም "የጾም" የሚለው ስም የሚጸናው ትሪው ላይ በሚታየው ብቻ ሳይሆን በማይታየውም ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የተጻፈ ዝርዝር ቃሉን እንድንይዘው ያደርጋል፤ በኛ ብዙ ሆቴሎች በያይነቱ ሜኑ ላይ አንድ ቃልና አንድ ዋጋ ብቻ ነው፣ ምን ምን እንደሚይዝ አይጻፍም። ሁለተኛ፣ የተጻፈ ዝርዝርም ቢሆን ሁሉን አይናገርም፤ የቀረውን መጠየቅ የግድ ነው።

ቃሉ የሚፈተንባቸው አራት ቦታዎች

አንደኛ፦ ጾም መሆኑ። በያይነቱ ላይ ቅቤ ወይም ወተት መግባት የለበትም። ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ጥያቄው ያለው ጭልፋው ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሆቴል ጾምና ፍስክ አብሮ ይሠራል። የዶሮ ወጥ የጨለፈው ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ገባ ወይ? ድስቱስ? መክተፊያውስ? ዓሣን በተመለከተ ደግሞ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በምእመናን ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ነው። የሪፖርተሩ ሥራ ክርክሩን መፍረድ ሳይሆን፣ ቤቱ ለጾመኛው ዓሣ መኖሩን ቀድሞ ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለውን ማጣራት ነው።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱ። በያይነቱ ቀድሞ የሚሠራ ምግብ ነው። በዐቢይ ጾም አንዳንዱ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ሲበላ፣ አጥብቆ የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ትሪው ለስድስት ሰዓቱ ሰው ትኩስና ሙሉ ሆኖ ይቀርብና ለዘጠኝ ሰዓቱ የቀዘቀዘና የተጓደለ ሊሆን ይችላል። እስቲ አስቡት፤ ከሁሉ የበለጠ የጾመው ሰው ከሁሉ ያነሰ ምግብ አገኘ ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድን ሆቴል በምሳ ሰዓት ብቻ አይቶ መጻፍ ግማሽ ዘገባ ነው።

ሦስተኛ፦ መጠኑና ዓይነቱ። ምስር ሲወደድ የምስሩ ቦታ ጠበብ ይልና ጥቅል ጎመኑና ድንቹ ሰፋ ይላሉ። በዓይነት ስትቆጥሩት ትሪው ያው ስምንት ነው፤ በሆድ ግን ያው አይደለም። እንጀራውም እንዲሁ። አካባቢያችን በጤፍ የታወቀ ነው፤ የጎጃም ማኛ ሲባል ሌላው አገርም ያውቀዋል። ሆኖም ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ የሚቀላቅል ቤት አለ። መቀላቀሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ድሃ ቤትም ያደርገዋል። ነውሩ "ማኛ ነው" ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ሒሳቡ። አንድ ዋጋ ሲባል የመጨረሻው ዋጋ ነው ወይስ መነሻው? ለስሌት እንዲመቸን በያይነቱ 200 ብር ነው እንበል። ሆቴሉ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምር ከሆነ 220 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 33 ብር ሲሆን የመጨረሻው 253 ብር ነው። 53 ብር ለተማሪ ቀላል አይደለም። ጭማሪ እንጀራ ይከፈልበታል ወይ? ውሃውስ? ሜኑው "ታክስን ይጨምራል" ብሎ ከጻፈ ቃሉን ጠብቋል፤ ካልጻፈ ደንበኛው ዋጋውን የሚያውቀው ከበላ በኋላ ነው።

እንዴት እንጻፈው?

እንግዲህ ይህንን ወደ ዘገባ ስንለውጥ የመጀመሪያው እንቅፋት የራሳችን ይሉኝታ ነው። እኛ አገር እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው "ወጡ ውስጥ ምን አለ?" ብሎ አይጠይቅም። የባለቤቷን ባልትና መጠራጠር ይሆናል። ይሄ ለቤት ትክክል ነው። ቤት ውስጥ ምግቡን የሚያስጠብቀው የእመቤቲቱ ክብር ነው። ሆቴል ውስጥ ግን ይህንኑ ይሉኝታ ይዘን ገብተን ከፍለን እንወጣለን። ጥያቄው በትሕትና ከሆነ ስድብ አይደለም። "እህቴ፣ ይቅርታ፣ ጎመኑ በምን ተሠራ?" ማለት ማንንም አያዋርድም። ደህና ቤት እንዲያውም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብን በራስ መክፈል ነው። ጋዜጠኛ መሆናችን ሲታወቅ "የቤቱ ግብዣ ነው" ይባላል፤ በጎጃም ደግሞ ግብዣ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም ተጋብዞ የተጻፈ ዘገባ ምስጋና እንጂ ዘገባ አይሆንም። የኪስ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ሦስት ተማሪ አዋጥቶ አንድ ትሪ ቢያዝ ይሻላል። ማንነታችንንም የምንናገረው ከበላንና ከከፈልን በኋላ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ ስንፈልግ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ሄዶ መጻፍ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በጾም ቀን በስድስት ሰዓት፣ ሌላውን በዘጠኝ ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ጉድለት ከተገኘ የቤቱ ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጁ መልስ እንዲሰጥበት ዕድል መስጠት ግዴታ ነው። አስተናጋጇን በስም ጠርቶ መወንጀል ተገቢ አይደለም። ምስሩን ያሳነሰችው እሷ አይደለችም።

አራተኛ፣ ቅጽል እንቀንስ። ለምሳሌ ያህል ሁለት አጀማመር እንመልከት፤ ሁለቱም ለመማሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

የመጀመሪያው፦ "በከተማችን የሚገኘው ይህ ዘመናዊ ሆቴል እጅ በሚያስቆረጥመው በያይነቱ የብዙዎችን ቀልብ መሳብ ችሏል።"

ሁለተኛው፦ "ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የቀረበው በያይነቱ ሰባት ዓይነት ነበረው። ምስሩ ትኩስ ነበር፤ ጥቅል ጎመኑ ቀዝቅዟል። ሱፍ ፍትፍት እንዳለቀ አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ቀድማ ተናግራለች። ጭማሪ እንጀራ አልተከፈለበትም።"

የመጀመሪያው ስለ የትኛውም ሆቴል ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ስለ አንድ ትሪ ብቻ ነው። አንባቢው ነገ ምሳውን የት እንደሚበላ ሊወስንበት ይችላል። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ሙገሳም ወቀሳም አላበዛም፤ ጉድለቱንም ደግ ነገሩንም ለየብቻ አስቀምጧል። "አልቋል" ብሎ ቀድሞ የተናገረ ቤት ቃሉን በከፊል ጠብቋል። ይሄም መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

አንዳንድ አንባቢ "የምሳ ነገር ደግሞ ምን ጋዜጠኝነት ነው?" ሊል ይችላል። ሆኖም ያነሳናቸው ጥያቄዎች፣ ማለትም ምን ቃል ተገባ? ምን ቀረበ? ማን ከፈለ? ማን ዘግይቶ መጥቶ የተረፈውን አገኘ? የሚሉት፣ ስለ ቀበሌ አገልግሎትም፣ ስለ ውሃ ሥርጭትም፣ ስለ ኮሌጅ ካፌም ስንዘግብ የምንጠይቃቸው ናቸው። ምሳው ለመለማመጃ ይመቻል፤ ቅርብ ነው፣ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል።

በተግባር ለመጀመር አንድ ሐሳብ አለ። በሚመጣው ጾም ሦስት ሦስት ሆነን ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አንድ አንድ ሆቴል መርጠን፣ አንድ ዓይነት የጥያቄ ዝርዝር ይዘን በሁለቱ ሰዓቶች ብናይ፣ ለዚህ መጽሔት አንድ ሙሉ ዓምድ ይወጣናል። ከጥያቄዎቹ መሃል አንዲቷ እንዳትረሳ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣው ሰው ምን በላ?